ሊቅ በራሱ ስም ይጠራ

ከገበዝ ማርያም እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው የጎጃም ገጠር የአብነት መምህር የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፦ በራሱ ስምና ባስተማረበት ደብር። ተማሪው «የኔታ» ብሎ የመምህሩን ስም ያስከትላል፤ ከየት እንደተማረ ሲጠየቅ ደግሞ ደብሩን ይናገራል። የመምህሩን አባት ስም ቢያውቅም እሱን ብቻ ነጥሎ ለመጥሪያነት አያውለውም። የአባት ስም የትውልድን ሐረግ ይነግራል እንጂ የዕውቀትን ሐረግ አይነግርም። ይህ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ የአባት ስም ወደ ፊት ይመጣና ባለቤቱ ከኋላ ይቀራል። እኔ የምለው፣ እንግሊዝኛ ለአውሮፓ የ15ኛው መቶ ዓመት የዜማ ደራሲዎች የፈቀደውን አጠራር ለእኛም ሊቃውንት መፍቀድ እንደሚችልና እንደሚገባው ነው።

ዦስካን ዴ ፕሬን እንውሰድ። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1521 ኮንዴ በምትባል ከተማ የሞተ የዜማ ደራሲ ነው። «ዦስካን» የራሱ መጠሪያ፣ ያውም «ዦስ» ከሚለው ስም የተቆላመጠ ነው። «ዴ ፕሬ» ደግሞ ቅጽል ነው፤ የቤተሰቡ ስም ሌላ፣ ሌብሏት እንደነበር መዛግብት ያሳያሉ። የእንግሊዝኛ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ታዲያ ሰውን በኋለኛ ስሙ የመጥራት ልማዳቸውን ለእሱ ትተው «ዦስካን» ብለው ይጽፋሉ። ዴቪድ ፋሎውስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ርእሱ ይኸው አንድ ስም ነው። የዘመኑ ሰዎች የሚያውቁት በዚህ ስም ነበርና። እሱም ለስሙ ይጠነቀቅ ነበር፤ ለድንግል ማርያም በደረሰው በአንዱ ዝማሬው የስንኞቹ መነሻ ፊደላት ወደ ታች ሲነበቡ ስሙን ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1474 በካምብሬ የሞተው ሌላው የዜማ ደራሲ ጊዮም ዱ ፋይም ሲፈርም የስሙን መካከለኛ ክፍል በፊደል አይጽፈውም፤ «ፋ» የሚባለውን የዜማ ምልክት ይሥልበታል። የሰውየው ሙያ ፊርማው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በዚያው መቶ ዓመት ጎጃም ውስጥ የቅኔ ትምህርት ሥር ይሰድ ነበር። ትውፊቱ የዚያ ዘመን ሊቅ አድርጎ የሚያነሣው ተዋነይን ነው፤ ሲጠራም «ተዋነይ ዘጎንጅ» ይባላል። አንድ የራስ ስም፣ አንድ የደብር ስም፤ አለቀ። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የተባሉት የቅኔ መንገዶችም የተሰየሙት በቦታ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ቅኔ በየበዓሉ አዲስ ሆኖ ይቀርባል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ በማኅሌት ቆመው ከሚያዳምጡት ሊቃውንት ጋር አብሮ የሚዘልቀው ከየቅኔው ይልቅ የመምህሩ ስምና የቤቱ ስልት ነው። ደብሩ ከስሙ ጋር የሚነሣው የትምህርቱ ምስክር ስለሆነ ነው።

አሁን ግልበጣው የሚያደርሰውን ጥፋት እንይ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጎጃም የቅኔ ቤቶች የወጡ ደራሲ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. አሳትመዋል። በውጭ አገር ጽሑፍ ግን «ዓለማየሁ እንዲህ ጻፈ» ተብለው ሲጠቀሱ ይገኛሉ። ዓለማየሁ አባታቸው ናቸው፤ ልብ ወለዱን አልጻፉም። የፒያኖ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ አንዴ በአባታቸው በከንቲባ ገብሩ ስም፣ አንዴ ደግሞ «እማሆይ» ብቻ ተብለው ይጠቀሳሉ። እማሆይ የመነኮሳይት ሁሉ መጠሪያ ማዕረግ ነው፤ በመካከል የተዘለለው ጽጌ ማርያም ነው የእሳቸው ስም።

ይህን የሚቃወም ሰው፣ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወጥ ደንብ ያስፈልገዋል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ደንቡ ዦስካንን ለማስተናገድ ከተለሳለሰ ሌላውን የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። ከአይስላንዳውያንም አብዛኞቹ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው በራስ ስማቸው ይመዘገባሉ፤ መዝገቡ አልተናጋም። በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ቅደም ተከተል አስቀምጧል። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ በውጭ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይዘዋል። ይህ የሰውየው ምርጫ ነው፤ ይከበር። ተዋነይ ግን እንዲህ አልመረጠም፤ ሐዲስም በመጽሐፋቸው ልባስ ላይ ስማቸውን በአገራቸው ሥርዓት ነው ያወጡት። ያልመረጠን ሰው በሌላ ሥርዓት መጥራት፣ ሥራውን ከሠሪው ነጥሎ ለሌላ መስጠት ነው።

ጥፋቱ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ስለ አገራችን ሊቃውንት በእንግሊዝኛ የምንጽፈው እኛው፣ የሕትመት ቤቱን ደንብ ፈርተን ስማቸውን ራሳችን እንገለብጣለን። ስለዚህ ጥሪዬ ለእንዲህ ዓይነቱ ጸሐፊና አርታኢ ነው፦ ሊቁን በራሱ ስም ጥራው፤ የአባቱን ስም አስከትልለት፤ የቅኔ ሰው ከሆነ ደብሩን አትርሳ፤ ማዕረጉን ከስሙ ለይ። አሳታሚው ደንቡን ጠቅሶ ቢከራከርህ ዦስካንን ጥቀስለት።