በሁለት ፈረስ እስከ ካቡል

በነሐሴ 1970 ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ የሲትሮይን መኪኖች ከ1,000 በላይ ወጣቶችን ጭነው ከፓሪስ ተነሡ። መድረሻቸው የአፍጋኒስታን ዋና ከተማ ካቡል ነበር። ደርሶ መልሱ 16,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነው። መኪኖቹ «ደ ሽቮ» እና የቅርብ ዘመዶቿ ነበሩ። «ደ ሽቮ» በፈረንሳይኛ «ሁለት ፈረስ» ማለት ነው። ስሟን ያገኘችው መንግሥት ለግብር ሲል የሞተርን አቅም ከሚመድብበት ደረጃ ነው። በጊዜው ፈረንሳይ ውስጥ ከዚህች መኪና የረከሰ ብዙ አልነበረም።

ዛሬ ያንን ጉዞ መድገም የሚፈልግ ሰው መኪናዋን ፈልጎ አያጣትም። በየአገሩ በፍቅር የሚንከባከቧት ሰዎች አሉ። የሚቸግረው መንገዱን ማግኘት ነው።

ጥቂት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ አሮጌ መኪና አስነሥተው፣ በዕረፍት ወራት ረጅም መንገድ ቢወጡ ተራ የወጣትነት ጨዋታ ይመስላል። ታሪኩ ሲገላለጥ ግን ከጀርባው የሠራተኛ አድማ አለ፣ አዋጅ አለ፣ የፋብሪካ ውሳኔ አለ፣ የድንበር ፖለቲካ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአውሮፓ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ የዝናብና የጭቃ ሳይሆን የፀሐይና የዕረፍት ወራት መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

▪️ መጀመሪያ ጊዜው ተገኘ

ከ1936 በፊት ለአብዛኛው የፈረንሳይ ፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ያልገባበት ቀን ደመወዝ የማያገኝበት ቀን ነበር። ባሕር ዳርቻ ሄዶ መዝናናት የባለጸጋ ወግ ነው። በዚያ ዓመት በግንቦትና በሰኔ ግን አገሪቱ በአድማ ተናወጠች፤ ሠራተኞች ፋብሪካዎቹን ይዘው ተቀመጡ። በሊዮን ብሉም የሚመራው የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ሥልጣን እንደያዘ በሰኔ ወር ሁለት ሳምንት የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ በሕግ ደነገገ። የስፖርትና የመዝናኛ ኃላፊው ሊዮ ላግራንዥ ለእነዚህ አዲስ ተጓዦች የባቡር ትኬት በ40 በመቶ እንዲቀንስ አደረገ።

በመጀመሪያው ዓመት ሕዝቡ የወጣው በባቡርና በብስክሌት ነው። ብዙዎች ባሕርን በዓይናቸው ያዩት ያን ጊዜ ነበር። መኪና ገና አልደረሳቸውም። የሆነ ሆኖ ዋናው በር ተከፍቷል፤ ጊዜው ያልነበረው ሰው ጊዜ አገኘ። በ1956 ፈቃዱ ሦስት ሳምንት፣ በ1969 አራት ሳምንት ሆነ። ወደ ካቡል የተደረገው ጉዞ አራተኛው ሳምንት በተፈቀደ በዓመቱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

▪️ ቀጥሎ መኪናው መጣ

በዚያው በ1930ዎቹ የሲትሮይን ኃላፊ ፒየር ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ አንድ ትእዛዝ ሰጠ። የሚፈልገው መኪና ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚያጓጉዝ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ3 ሊትር ያልበለጠ ቤንዚን የሚጠጣ ነው። ታርሶ በተገለበጠ ማሳ ላይ ሲሄድም የተጫነው ቅርጫት ሙሉ እንቁላል አንድም መሰበር የለበትም። በ1939 የሙከራ መኪኖች ተሠሩ፤ ጦርነቱ መጣና ሥራው ቆመ። መኪናዋ ለሕዝብ የታየችው በጥቅምት 1948 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ነው።

ጋዜጠኞች ተሳለቁባት። ሞተሯ 375 ሲሲ፣ ጉልበቷ 9 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ጣሪያዋ ተጠቅልሎ የሚነሣ ሸራ ነው። የነዳጅ መለኪያዋ ጋን ውስጥ ተነክሮ የሚወጣ ዘንግ፣ ዝናብ መጥረጊያዋ ደግሞ ከፍጥነት መለኪያው ሽቦ ጋር የተያያዘ በመሆኑ መኪናዋ ስታዘግም እሱም ያዘግማል። ገዢው ሕዝብ ግን ከጋዜጠኞቹ የተለየ ሚዛን ነበረው። ወረፋው ዓመታት እስከመጠበቅ ደረሰ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውኃ አትፈላም፣ በብርድም ውኃዋ አይረጋም። ባትሪው ቢሞት በእጅ በሚዞር ብረት ትነሣለች። ወንበሮቿ ተነቅለው ሜዳ ላይ ይቀመጡባቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው በመንገድ ዳር ሊጠግናት ይችላል። ለድሀ ተጓዥ ይህ ከፍጥነትም ከምቾትም ይበልጣል፤ መኪናው በተበላሸበት ቦታ ላይ የጉዞው በጀት አብሮ አይበላሽምና።

ሌሎችም አገሮች የየራሳቸውን አወጡ። ጀርመን ቮልስዋገንን፣ ጣሊያን በ1955 ፊያት 600ን፣ እንግሊዝ በ1959 ሚኒን። ፊያት 600 ማለት አዲስ አበባ «ሰይቼንቶ» ብላ ታክሲ ያደረገቻት ያቺው ትንሽ መኪና ናት።

ከዚህ በኋላ የተፈጠረውን ነገር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በደንብ ይገልጸዋል። ለአንድ ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ የማይቻለው የቤንዚን ወጪ ለአራት ሲካፈል የሚቻል ሆነ። ከፓሪስ እስከ ሜዲትራኒያን ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 7 በየሐምሌውና በየነሐሴው በድንኳንና በሻንጣ በታጨቁ ትንንሽ መኪኖች ተጨናነቀ።

▪️ አድማሱ ሲሰፋ

አንዳንዶች ሜዲትራኒያን ላይ መቆም አልፈለጉም። በ1953 የ24 ዓመቱ ስዊዘርላንዳዊ ኒኮላ ቡቪዬ በትንሿ ፊያት ቶፖሊኖ ከጄኔቭ ወጣ። ዩጎዝላቪያ ላይ ከሠዓሊ ጓደኛው ከቲየሪ ቬርኔ ጋር ተገናኝተው በቱርክና በኢራን አድርገው ወደ አፍጋኒስታን አቀኑ። ገንዘባቸው ከመንገዱ ርዝመት ጋር ጨርሶ አይመጣጠንም ነበር። ስለዚህ አንዱ ሥዕል እየሸጠ፣ ሌላው ጽሑፍ እየሸጠና ፈረንሳይኛ እያስተማረ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ክረምቱ ሲበረታ ታብሪዝ ላይ ለወራት ተቀመጡ። ቡቪዬ በ1963 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በፈረንሳይኛ ከተጻፉ ታላላቅ የጉዞ መጻሕፍት አንዱ ነው።

በ1958 ደግሞ ዣክ ሴጌላና ዣን ክሎድ ቦዶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወጣቶች በአንዲት ደ ሽቮ ዓለምን ለመዞር ተነሡ። ከዓመት በላይ ፈጅተው፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ተመለሱ። በቺሊው አታካማ በረሃ የካምቢዮው ዘይት ቢያልቅባቸው ሙዝ ፈጭተው ሞልተው መንገዳቸውን እንደቀጠሉ ይነገራል። ይህ ሴጌላ ኋላ ታዋቂ የማስታወቂያ ሰው ሆኖ በ1981 ፍራንሷ ሚተራን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የዘመቻቸውን መፈክር የቀረጸው ሰው ነው።

ሲትሮይን የእነዚህን ወጣቶች ፍላጎት ወደ ሽያጭ ለመለወጥ አልዘገየም። በ1970 ወደ ካቡል የተደረገውን ጉዞ ያዘጋጀው እሱ ነው። በ1971 ወደ ኢራኗ ፐርሴፖሊስ፣ በ1973 ከአቢጃን ሰሐራን አቋርጦ እስከ ቱኒስ ተከታዮቹን አዘጋጀ። ዓላማው ገበያ መሆኑ አይካድም። ያም ሆኖ ወጣቶቹ መኪናቸውን ራሳቸው አሰናድተው፣ መንገድ ላይ ራሳቸው ጠግነው የተጓዙት እውነተኛ መንገድ ነበር፤ ያደሩትም በሕዝብ መካከል ነው።

▪️ በዚያው መንገድ የሄዱ ሌሎች

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ታሪክ አለ። በእነዚሁ ወራት፣ በእነዚሁ አውራ ጎዳናዎች፣ በእነዚሁ ያረጁ መኪኖች የሚጓዝ ሌላ ሕዝብ ነበር።

ምዕራብ ጀርመን በ1961 ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ተፈራረመች። በጀርመን ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ቱርካውያን ፈቃድ ሲያገኙ ቤተሰባቸውንና ስጦታቸውን ጭነው በኦስትሪያ፣ በዩጎዝላቪያና በቡልጋሪያ በኩል ወደ ኢስታንቡል ይነዱ ነበር። ፈቃዱ አጭር፣ አገሩ ሩቅ ስለሆነ ብዙዎች ሳያርፉ ይነዳሉ። በዚህም ምክንያት መንገዱ በአደጋ የታወቀ ሆነ። ከፈረንሳይ ወደ ሞሮኮና ወደ አልጄሪያ የሚመለሱት ሠራተኞች ደግሞ ፔጆ 504ን ከነፖርቶመጋላዋ እስክትጎብጥ ጭነው በስፔን በኩል ወደ መርከብ ይወርዱ ነበር።

እነሱም ወጪ ተጋርተዋል፤ እነሱም መንገድ ዳር ኮፈን ከፍተው ጠግነዋል። የአንደኛው ጉዞ «ጀብዱ» ተብሎ በመጽሔት ሲወጣ፣ የሁለተኛው ግን በትራፊክ ዜና ውስጥ ቀረ። ልዩነቱ የመጣው ከመኪናው አይደለም። ፓስፖርቱ ድንበር ላይ የሚከበርለት ሰው መንገዱን እንደ መጫወቻ ያየዋል። ከፓሪስ ወደ ካቡል 500 መኪና ሄደ፤ ከካቡል ወደ ፓሪስ በዚያው ቁጥር የተነሣ የወጣቶች ሰልፍ ግን አልነበረም። ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያወሱ ሰዎች ይህን ሒሳብ አብረው ቢያነሡት ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

ሌላም ዋጋ ነበረው። በ1972 በፈረንሳይ መንገዶች ላይ በአንድ ዓመት ብቻ ከ16,000 በላይ ሰው ሞተ። የደኅንነት ቀበቶ ግዴታና የፍጥነት ገደብ በቀጣዩ ዓመት የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ነፃነት የተባለው መንገድ ብዙ ቤት ለቅሶ አስቀምጧል።

▪️ መንገዱ ሲዘጋ

በጥቅምት 1973 የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ፤ ዓረብ ነዳጅ አምራቾችም ማዕቀብ ጣሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አሻቀበ። ርካሽ ቤንዚን የሚባል ነገር አበቃ። ያም ሆኖ ነዳጅ ውድ ሲሆን ትንሽ መኪና ይበልጥ ትፈለጋለችና ደ ሽቮ ከዚህ ተረፈች።

የካቡልን መንገድ የዘጋው ግን ፖለቲካ ነው። በ1978 አፍጋኒስታን ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። በ1979 መጀመሪያ በኢራን አብዮቱ ድል አደረገ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወጣቶች ሸራ ጣሪያቸውን ጠቅልለው ያለፉበት መንገድ የታንክና የስደተኛ መንገድ ሆነ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ደ ሽቮ ገና ትመረት ነበር፣ የፈረንሳይ የዓመት ፈቃድም እያደገ በ1982 አምስት ሳምንት ደርሷል። መኪናውም ጊዜውም እያለ ጉዞው ቀረ። የመጨረሻዋ ደ ሽቮ ፖርቱጋል ከሚገኘው ማንጓልዴ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1990 ነው፤ የካቡሉ መንገድ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። የፈረንሳይ ተማሪዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሮጌ ሬኖ 4 የትምህርት ቁሳቁስ ጭነው ወደ ሞሮኮ በረሃ ይጓዛሉ። በ2004 ከእንግሊዝ የተጀመረው የሞንጎሊያ ጉዞ ደግሞ ትንሽ ሞተር ያለውን መኪና ደንብ አድርጎታል። በ1950ዎቹ ከገንዘብ እጥረት የተነሣ የተመረጠው ነገር ዛሬ በመተዳደሪያ ደንብ የሚጠበቅ ሆኗል። መኪናው ትልቅና አስተማማኝ ከሆነ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የማያውቀውን ሰው እርዳታ የሚጠይቅበት ምክንያት ያጣል፤ ጉዞውን ጉዞ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው።

▪️ ቮልሷ እዚህም አለች

ይህን ታሪክ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአውሮፓ የሙዚየም ዕቃ የሆነችው ቮልስ እዚህ ዛሬም ሥራ ላይ ናት። ሌላው ዓለም የጣለውን መለዋወጫ ከብረት ቀጥቅጠው የሚያወጡ መካኒኮች አሉ። የሚወዷት ወጣቶችም ቀለም እየቀቡ፣ ወንበር እያሰፉ ይንከባከቧታል።

ጊዜውም ቢሆን በወረቀት ላይ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ የፈረንሳይ ሠራተኛ በ1936 በአድማ ካገኘው ሁለት ሳምንት ይበልጣል።

እንግዲህ መኪናው አለ፣ መካኒኩ አለ፣ ሕጉም አለ። የቤንዚኑ ዋጋ ከባድ ቢሆንም ለአራት ይካፈላል። አራት ጓደኛሞች መስከረም ሲጠባ ደሴ ወይም ጎንደር ደርሰን እንምጣ ብለው ሲነሡ ግን ስለ ቤንዚን ከመነጋገራቸው በፊት የሚደውሉት መንገዱ ላይ ላለ ዘመድ ነው። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፤ «መንገዱ ሰላም ነው?»

የካቡልን ጉዞ ያስቀረው የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። እዚህም ብዙ ጉዞ እየቀረ ያለው በእሱ ነው። የኢትዮጵያ መንገድ ሥራ በየዓመቱ በተሠራ አስፋልት ኪሎ ሜትር ይለካል። ከአስፋልቱ ጎን ሌላ መለኪያ ቢጨመር መልካም ነው፦ አንዲት አሮጌ ቮልስ አራት ወጣቶችን ይዛ፣ ለማንም ሳትደውል፣ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ደርሳ መመለስ መቻሏ።