በራዲዮ ውስጥ የሚጮኸው ማን ነው?

የትምህርት ቤታችን በዓል በደረሰ ቍጥር ስለ ወለጋ ታሪክ ጻፍ የተባለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው በ1928 ዓ.ም. በቦነያ ስለ ተቃጠሉት የጠላት አውሮፕላኖች ነው። ይህም የሚገባ ነው። እኔ ግን የመረጥሁት ብዙ ሰው ታሪክ አለው ብሎ ስለማያስበው ነገር፣ ማለት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች በመገናኛ ራዲዮ ሲነጋገሩ ቃላቸውን ስለሚውጠው ጫጫታ ነው። ለሚሰማው ሰው ተራ ነገር ይመስላል፤ በእኛ ቤተ ዘመድ ግን ሕይወት አስከፍሏል።

ጫጫታ ከራዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንዲያውም ሩሲያዊው ሊቅ አሌክሳንደር ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ1895 ለሊቃውንት ጉባኤ ያሳየው መሣሪያ ከሩቅ የሚወርደውን መብረቅ የሚያመለክት ነበረ። ስለዚህ መቀበያው ከሰው ቃል አስቀድሞ የሰማው የሰማይን ቍጣ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ያቆመው አንሳልዶ የሚባል የኢጣሊያ ኩባንያ መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ በጣም ተደነቅሁ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ኢጣሊያ ወረረችን። በጦርነቱም ጊዜ በአየሩ ላይ ሌላ ዓይነት እንግዳ ተገኘ። ከማይጨው ጦርነት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩትን መልእክት የጠላት ሰዎች ከአየር ላይ ቀልበው ምስጢሩን ፈቱት። ይህ እንግዳ ይሰማል እንጂ አይሰማም፤ ስለዚህ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሚጮኸው ግን በገዛ ድምፁ ራሱን ያጋልጣል።

የሚጮኸውን ነገር እስከ ምንጩ ድረስ ተከታትሎ እጅግ ሩቅ የሄደው አሜሪካዊው ካርል ጃንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ ገና 22 ዓመቱ ሳለ፣ በቤል ቴሌፎን ቤተ ሙከራ ተቀጥሮ ከውቅያኖስ ማዶ ለማዶ የሚደረገውን የራዲዮ ቴሌፎን ንግግር የሚረብሸው ምን እንደ ሆነ እንዲመረምር ታዘዘ። እርሱም በኒው ጀርሲ በሆልምዴል ሜዳ ላይ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንቴና ሠርቶ በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ አቆመና በየ20 ደቂቃው አንድ ጊዜ እንዲዞር አደረገው። የመንደሩ ልጆች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከብዙ ወራት ማድመጥ በኋላ ጫጫታውን በሦስት ለየው። አንደኛው የቅርብ መብረቅ ነው፤ ሁለተኛው የሩቅ መብረቅ ነው፤ ሦስተኛው ግን ሳያቋርጥ ሽ የሚል፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ ነበረ።

ጃንስኪ በመጀመሪያ ድምፁ ከፀሐይ የሚመጣ መሰለው። ነገር ግን በየቀኑ የሚጎላበትን ሰዓት እየጻፈ ቢያስተያይ በየዕለቱ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ሄደ። ይኸውም ፀሐይ በ24 ሰዓት ስትመለስ ይህ ድምፅ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይመለስ ነበር፤ ይህ ደግሞ የከዋክብት ሰዓት ነው። ምንጩ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የከዋክብት ጎዳና፣ ይልቁንም አባቶቻችን ቀውስ በሚሉት ኮከብ በኩል ያለው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተመ። አሠሪዎቹ ግን ሊያጠፉት የማይችሉትን ጫጫታ ተጨማሪ ቢመረምር ለስልክ ሥራ የሚጠቅም ስላልመሰላቸው ወደ ሌላ ሥራ አዛወሩት። ዛሬ ከዋክብትን በራዲዮ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሁሉ ሥራቸውን ከእርሱ ይጀምራሉ።

የእኛም ሰማይ ለራዲዮ የራሱ ጠባይ አለው። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። አባ ፒየር ጉዋን የሚባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ በ1950 ዓ.ም. ግድም፣ በዓለም አቀፉ የምድር ጥናት ዘመን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ያቋቋሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በዚህ ወገብ ላይ ይፈሳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ከዚያ በላይ ያለው የአየር ክፍል እየታወከ አጭሩን የራዲዮ ሞገድ ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ ላይ ዝናቡ ረጅም የሆነው የወለጋ ክረምት ከነመብረቁ ሲጨመር ማንም የራዲዮ ሠራተኛ ጫጫታ ሲሰማ ጣቱን ወደ ላይ ቢቀስር አይፈረድበትም።

በኦሮምኛ ኤሱማ የምለው የእናቴ ወንድምም እንዲሁ አድርገው ነበር። እርሳቸው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከጊምቢ ወዲያ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ በዚያ አካባቢ አልደረሰም። ጧት በ2 ሰዓትና ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ከነቀምቴ ጋር ይነጋገሩ ነበር። አንድ ቀን በ9 ሰዓት ምጥ የጠናባት ሴት ስላለች መኪና ይላክ ብለው ጠሩ። ሴቲቱ የገዛ እኅታቸው፣ የእኔ አክስት ነበሩ። ራዲዮኑ ዝዝ እያለ ቃላቸውን ስለ ቆራረጠው በነቀምቴ የነበረው ሰው የመድኃኒት ጥያቄ መሰለውና መዘገበው። መኪናው የመጣው በማግስቱ ነው። አክስቴ ተረፉ፤ ልጁ ግን አልተረፈም።

ኤሱማ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ገዝተው ጫጫታው የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ሰዓት መጻፍ ጀመሩ። ማታ ማታ ራዲዮኑ ንጹሕ ነበረ። ጧት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጀምራል፤ ቀትር ላይ ይበረታል። ስለዚህ እንደ ጃንስኪ ፀሐይን ጠረጠሩ (ያን ጊዜ ጃንስኪ ማን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር)። ነገር ግን ደብተሩ ሌላ ነገር አሳያቸው፤ ሰማዩ በደመና ሲጠቍር ጫጫታው ይቀንስ ነበር። ጥፋተኛው መብረቅ ቢሆን ኖሮ ደመና በመጣ ጊዜ መባስ ነበረበት።

ከዚህ በኋላ ትንሽ የእጅ ራዲዮ ይዘው በግቢው ውስጥ መዞር ጀመሩ። በእንዲህ ያለው ራዲዮ ውስጥ ያለችው አንቴና ዘንግ ናት፤ የዘንጓ ጫፍ ወደ ጫጫታው ምንጭ ሲዞር ድምፁ በአንድ ጊዜ ይደክማል። የሚጎላበት አቅጣጫ ሰፊ ስለ ሆነ ያታልላል፤ የሚደክምበት ግን ጠባብ ነውና ይመራል። ኤሱማ ከበሩ አጠገብ ቆመው አንድ መስመር፣ ከውኃው ጕድጓድ አጠገብ ቆመው ሌላ መስመር በደብተራቸው ላይ አሰመሩ። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙት የፀሐይ ኀይል ባትሪዎች ባሉበት ክፍል ነበር፤ ከራዲዮኑ ክፍል በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለይ ነው።

ሆኖም ማረጋገጥ ፈለጉ። ለራዲዮኑ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰጠው ይኸው ባትሪ ስለ ነበረ የገዛ ምግቡ ያሳምመዋል ብሎ ለማመን ከበዳቸው። ከቤታቸው ሁለት ቡሉኮ አስመጥተው በቀትር ጣራ ላይ ወጡና የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ሸፈኗቸው። ዘበኛው አበዱ ብሎ ነበር። ከታች ክፍት የተተወው ራዲዮ ዝም አለ። ቡሉኮውን ሲገፉት ጮኸ፤ ሲመልሱት ዝም አለ። ከፀሐይ የሚመጣውን ኀይል ለባትሪው እየመጠነ የሚያሳልፈው ትንሽ ሣጥን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ኀይሉን ሲቈርጥና ሲቀጥል፣ የሰሌዳዎቹ ረጃጅም ሽቦዎች እንደ አንቴና ሆነው ጫጫታውን ይበትኑት ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነበረ። ሽቦዎቹን እርስ በርስ ገመዱአቸው፤ የራዲዮኑን አንቴና ወደ ግቢው ማዶ አዛወሩት፤ በጥሪ ሰዓት ደግሞ የሰሌዳዎቹን ሽቦ ይነቅሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ ከኤሱማ ጋር ወደዚያ ሄጄ ነበር። ዛሬ በጤና ጣቢያው ስልክ ስላለ ራዲዮኑ በዕቃ ቤት ተቀምጧል። በቀድሞው የራዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ ግን በእርሳቸው እጅ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈች ወረቀት አሁንም ተለጥፋ አለች፤ «ከመናገርህ በፊት የፀሐዩን ሽቦ ንቀል» ትላለች።