ከቡናው ሥር ያለ መንደር

የሮማ መንግሥት በገዛው አገር የገባሩ ገበሬ ኑሮ የሚታወቀው ከመጽሐፍ ይልቅ ከመሬት ነው። በእንግሊዝ አገር የጠፉ መንደሮች ጉድባ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ተለይቷል፤ ገሉና የከብቱ አጥንትም ተቆፍሮ ወጥቷል። እኛ ግን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ስንመላለስ የምናየው ቡናና ጫካ ብቻ ነው።

ይህ ጫካ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ጫካ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የካፋን መንግሥት ድል አድርገው ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ከማረኩ በኋላ የአገሩ ሰው ገባር ሆነ። በካፋም በቤንችም ብዙ ሰው ለባርነት ተጋዘ፣ ሌላው ሸሸ፤ ስንቱን የእንሰት ጓሮ ዳዋ በላው! የነገሥታቱን ስም በቃላችን አጥንተን የእነዚህን ቤተ ሰቦች ታሪክ አለመማራችን ያሳዝነናል።

በእርግጥ ለቆፋሪው ሥራው ከባድ ነው። የእንጨትና የሣር ጎጆ ይበሰብሳል፤ እንሰትም የሚተከለው በችግኝ ስለ ሆነ እንደ ስንዴ የከሰለ ፍሬ ትቶ አያልፍም። የሚቀረው የወፍጮ ድንጋይ፣ ገልና የምድጃ አመድ ነው፤ በካፋ ደግሞ መንግሥቱ ለመከላከያ ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድባ አለ። በካፋ ዋሻዎች ተመርምረዋል፤ ኩማሊ በተባለውም ቁፋሮ ተደርጓል። ዋሻ ግን መንደር አይደለም።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ለቡና ችግኝ ስትቆፍሩ ገል ወይም የወፍጮ ድንጋይ ብታገኙ ለታሪክ መምህራችን ላኩብን፤ ሽማግሌዎች የሚያውቁት የቦታው የቀድሞ ስም ካለም አብራችሁ ንገሩን። ድንጋዩን ግን ከነበረበት አታንሡት፤ መጥተን የምንለካው እኛ ነን፤ ገመድና ደብተር አለን።