ጉግስና እሽቅድምድም በጃንሜዳ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ በስተምሥራቅ የሚገኘው ጃንሜዳ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በጥምቀት በዓልና በአትሌቲክስ ቢሆንም፣ ስሙን ከጃንሆይ ያገኘው ይህ የቤተ መንግሥት ሜዳ ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ ፈረሰኞች መፈተኛ ነበር። ፈተናው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በጉግስ ፈረስ የሚመሰገነው በመታጠፉና በማምለጡ ሲሆን፣ ከውጭ በመጣው እሽቅድምድም የሚመሰገነው በመቅደሙ ብቻ ነበር።

ጉግስ ሁለት ወገን ሆነው የሚሰለፉ ፈረሰኞች በየተራ የሚሳደዱበት የጦር ልምምድ ነው። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ከኮርቻው ላይ ተለጥፎ ወይም ጋሻውን ወደ ኋላ መልሶ ይመክታል፤ ቀጥሎም ሚናቸው ይለዋወጣል። ስለዚህ የጉግስ ፈረስ ረጅም ርቀት በፍጥነት ከመሮጥ ይልቅ በልጓም ምልክት ድንገት መቆምና መዞር ይጠበቅበታል። ትጥቁም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነበር፤ የጥንቱ እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት ሲሆን፣ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ የሚታጠቀው ፈረሰኛም፣ ከአውሮፓውያን ልማድ በተቃራኒ፣ በፈረሱ ቀኝ በኩል ይወጣ ነበር። የፈረስ ክብር ምን ያህል ከባለቤቱ ክብር ጋር የተቆራኘ እንደነበር የፈረስ ስም፣ ማለትም ጌታው በፈረሱ አባትነት የሚጠራበት ልማድ፣ በሚገባ ያሳያል፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለው ተጠርተዋል። የንጉሡን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙም በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሌጋሲዮን፣ ማለትም የመልእክተኛ ጽሕፈት ቤት፣ ሲከፍቱ የአገራቸውን የፈረስ እሽቅድምድም ይዘው መጡ። ለዚህም ከጃንሜዳ የተሻለ ሰፊና ደልዳላ ቦታ በቅርብ አልነበረም። ዙሪያውን ሮጦ መጀመሪያ የደረሰው የሚያሸንፍበት ይህ ውድድር ፈረስን ከጌታው ስምና ከጦር ሜዳ ዝናው ነጥሎ በርቀትና በፍጥነት ብቻ ይለካል። ለመኳንንቱ፣ ባለ ጋሻው ፈረሰኛ ማንንም ሳይመክትና ማንንም ሳያሳድድ ጀግና መባሉ እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑም በስስ አየር ውስጥ መሮጥ ለደጋው ፈረስ የተለመደ ነገር ነበር።

ሜዳው ግን የስፖርት ቦታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት የተሸነፉት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ከጥቂት ቀናት በኋላ በሰንሰለት ታስረው በድል ሰልፍ የቀረቡት በዚሁ በጃንሜዳ ሲሆን፣ ሰልፉን ካዩት መካከል የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሹም የስድስት ዓመት ልጅ፣ በኋላ ስመ ጥር ተጓዥ የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲገር፣ ይገኝበታል። ከድል የተመለሱት ፈረሰኞች እየጋለቡ ያለፉበት ሜዳ በሌላ ቀን የሌጋሲዮን እሽቅድምድም ተመልካቾች የሚሰበሰቡበት ነበር፤ የአገሩ ሹማምንት ለሁለቱም ትርዒት መታደማቸው የዘመኑን አዲስ አበባ ከብዙ መዝገብ በላይ ይገልጻል።

የፈረሱን ዕድል የለወጠው የውድድሩ ዓይነት ሳይሆን የጦርነቱ መለወጥ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በአውሮፕላን፣ በታንክና በመርዝ ጋዝ ሲዘምት፣ ፈረሰኛው ወሳኝ ኃይል የመሆኑ ዘመን አበቃ። ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ለንጉሠ ነገሥቱ አጀብ ቢያገለግሉም ሥራቸው ከውጊያ ይልቅ የክብር ማሳያ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ ይህም የቤተ መንግሥት ድጋፍ ጠፋ። በጃንሜዳ ዙሪያ የቀረው ሩጫ በዋናነት የሰው ሆነ፤ የጃንሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር የኢትዮጵያ ቡድን ለዓለም ሻምፒዮና የሚመረጥበት ታላቅ መድረክ ለመሆን በቃ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ሜዳው ተዛውሮ የነበረ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ለጥምቀት ሲባል ተነሥቶ ሜዳው ጸድቷል።

ከሁለቱ ውድድሮች በሕዝብ እጅ ጸንቶ የቆየው ጉግስ መሆኑ አያስገርምም፤ እሽቅድምድም የተከለለ ሜዳ፣ ተንከባካቢና ገንዘብ ሲፈልግ፣ ጉግስ ፈረስ ያላቸው ገበሬዎችና አንድ የበዓል ቀን ይበቁታል። የፈረስን የዓድዋና የፀረ ፋሽስት ተጋድሎ ውለታ የሚዘክረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሺህ የሚቆጠሩ ያጌጡ ፈረሶችን አሰልፎ፣ ከግልቢያው ጋር ጉግሱንም ያሳያል።