ጎሬ፦ የባሮ ንግድ ያደራጃት ከተማ

ከመቱ በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋማ ቦታ ላይ የምትገኘው ጎሬ ዛሬ ስሟ እምብዛም ባይነሳም፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢሉባቦር የአስተዳደር መቀመጫና በምዕራብ ኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዋነኛ በር ነበረች። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገሩን ያስተዳደሩትና በሰኔ 1890 ዓ.ም. እስከ ነጭ ዓባይ የደረሰ ጦር የላኩት፣ ኋላም የልጅ ኢያሱ እንደራሴ፣ ማለትም ስለ አልጋ ወራሹ አገር የሚመሩ ሹም፣ የሆኑት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው እዚሁ ነበር።

ከተማዋን ያበለጸጋት ግን ከሹመቱ ይልቅ ንግዱ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲይዙ ስለፈቀደ፣ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ባሮ የእንፋሎት መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ሲሞላ ብቻ በመሆኑ፣ የደጋው ቡናና ሰም በበቅሎና በሰው ጀርባ በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ ይከማችና፣ ወንዙ ሲሞላ ወደ ካርቱም ይጫናል፤ ከዚያም አቡጀዲና ጨው ወደ ደጋው ይወጣል። ይህ ንግድ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችን ሲስብ፣ ብሪታንያም በጎሬ ቆንስላ ከፈተች።

ኢጣሊያ አገሪቱን ወርራ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ለስደት ሲወጡ ጠላት ገና ያልደረሰባት ጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ራስ እምሩም ጦራቸውን ይዘው ወደዚያው አመሩ። ኢጣሊያኖች በኅዳር 1929 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ፣ በ1921 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከተሾሙት የመጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩትን አቡነ ሚካኤልን በዚያው ገደሏቸው። ራስ እምሩ ደግሞ በተከታዩ ወር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው ተያዙ።

ከነጻነት በኋላ የጎሬ ማዕረግ ቀስ በቀስ ቀነሰ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርና ወደ መሀል አገር የተከፈቱት መንገዶች ቡናውን ወደ ምሥራቅ ሳቡት፤ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣም እንግሊዞች ያስተዳድሩት የነበረው የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የአስተዳደር መቀመጫነቱም ከጊዜ በኋላ ወደ መቱ ተዛወረ። ስለዚህ የጎሬ መዳከም ከነዋሪዎቿ ጉድለት ሳይሆን ከንግዱ መስመር መዞር የመጣ ነው። አቡነ ሚካኤል የተሠዉባትና የአገሪቱ መንግሥት ለወራት የተጠጋባት ከተማ ታሪክ በአረጋውያን ትዝታ ብቻ እንዳይቀር፣ የኢሉባቦር የትምህርትና የባህል ተቋማት ከዚያ ዘመን የቀሩትን ቤቶች ሊመዘግቡና የአረጋውያኑን ቃል በጽሑፍ ሊያኖሩ ይገባል።