አለርጂና የሕፃንነት ዘመን

በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሐኪሞች በአበባ ብናኝ የሚነሣውን የአፍንጫ ቁጣ ሲመረምሩ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። ቻርልስ ብላክሊ በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በሽታው የሚያጠቃው የተማረውንና የከተማውን ሰው እንጂ ከሣርና ከአበባ መካከል የማይለየውን ገበሬ አልነበረም። ምክንያቱ ሳይፈታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

በ1989 ዴቪድ ስትራካን በማርች 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ 17,414 የብሪታንያ ልጆችን እስከ 23 ዓመታቸው የተከታተለውን መዝገብ መረመሩ። ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች የበዙለት ልጅ በበሽታው የመያዙ ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ታላላቆቹ ከውጭ ይዘው የሚገቡት ተላላፊ በሽታ ታናሹን ሳይጠብቀው አልቀረም ሲሉ ገመቱ። ግምቱ «የንጽሕና መላምት» ተባለ፤ ስሙ ብዙ ሰው ማሳሳቱ አልቀረም።

ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ኤሪካ ፎን ሙቲዩስና ባልደረቦቻቸው የሙኒክን ልጆች ከላይፕሲግና ከሀለ ልጆች ጋር አነጻጸሩ። በጭስ የታፈኑት የምሥራቅ ልጆች በአለርጂ ይብሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ1994 የታተመው ውጤት የተገላቢጦሽ ሆነ። በ2001 ደግሞ በአልፕስ ተራራ አካባቢ በተደረገ ጥናት በተወለዱ በመጀመሪያው ዓመት ከከብት በረት ያልራቁና በቀጥታ ከእርሻ የመጣ ወተት የጠጡ ልጆች በአስም እምብዛም የማይያዙ ሆነው ታዩ።

ለኢትዮጵያ ሐኪም ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጅማ ጥናት ነው። በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጽሑፍ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው መብዛቱን አስረዳ። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል የበዛባቸው ሰዎች ሲተነፍሱ ሲር ሲር የማለት ችግር ያነሰባቸው መሆኑን ገለጠ። ትሉ በሰው ሥጋ ውስጥ ዕድሜውን ለማራዘም የሰውነትን መከላከያ ኃይል ያለዝባል፤ በዚህም አለርጂ የሚያስነሣው ቁጣ አብሮ ይለዝባል የሚል ማብራሪያ ተሰጥቶታል።

ይህን አንብቦ ቆሻሻን እንደ መድኃኒት መቁጠር ግን ከባድ ስሕተት ነው። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚገድለው ያው የተበከለ ውኃ ነው። ግራሃም ሩክ በ2003 መላምቱን ያረሙት ከዚህ አንጻር ነው፦ የሕፃኑን መከላከያ የሚያሠለጥኑት ኩፍኝና ተቅማጥ ሳይሆኑ፣ ከአፈር፣ ከእንስሳትና ከእናት የሚወረሱ፣ ከሰው ልጅ ጋር ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ቁጣን የሚገቱትን ቲ ሴሎች ያበረታሉ። ሁክዎርም ግን የደም ማነስን ስለሚያመጣ፣ በጅማም ሆነ በሌላ ስፍራ ሐኪሙ እንደ ቀድሞው መድኃኒት ያዝዝለታል።