«ዝግ» ወይስ «ድፍን»? የአንድ የሕክምና ስያሜ ታሪክ

አንዳንድ ሕፃናት የአፍንጫቸው የኋላ በር ወደ ጉሮሮ ሳይከፈት ይወለዳሉ። አራስ ልጅ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ፣ ጉድለቱ በሁለቱም ወገን ሲሆን ሕይወቱ ወዲያው አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን ጉድለት ጀርመናዊው ሐኪም ሮደረር በ1755 እ.ኤ.አ. ገለጸው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኤመርት በአፍንጫ በኩል በመብሻ ወግቶ በሩን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ላንቃን እየቀደዱ መግባትን መረጡ። ሆፕኪንስ በ1959 እ.ኤ.አ. ያስገኘው የዘንግ ምስሪት ለውስጥ መመልከቻ መሣሪያ ከዋለ ወዲህ ግን፣ ላንቃ ሳይነካ፣ በአፍንጫው ቀዳዳ እያዩ መክፈት ተቻለ።

የጉድለቱ መጠሪያ «አትሬዚያ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ «አ» አፍራሽ ቅጥያ፣ ተከታዩም «መብሳት» ነው፤ ፍቺው «አለመበሳት» ይሆናል። በአማርኛ «መዘጋት» ብሎ መተርጐም የተለመደ ቢመስልም፣ «ተዘጋ» ቀድሞ ክፍት የነበረን ነገር ያመለክታል። ከዚህም በላይ «የልጁ አፍንጫ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ያነበበች እናት ጉንፋን ነው ብላ እስኪያልፍ ልትጠብቅ ትችላለች፤ ልጁ የሚያስፈልገው ግን አስቸኳይ ሕክምና ነው።

«ድፍን» ሥሩ «ደፈነ» ቢሆንም፣ «ድፍን ምስር» ስንል ያልተከካውን፣ እንደ ተፈጠረ ያለውን ማለታችን ነው። ስለዚህ «የኋላ አፍንጫ በር ድፍንነት» የሚለውን ስያሜ እንመርጣለን፤ በማብራሪያውም «ከውልደት ያልተከፈተ» የሚለው ሐረግ እንዲታከል እናሳስባለን።